እሳቱን ማን ለኮሰው?

መሬቱ የሚስቲቱ አጎት ንብረት ነበር። አጎትየው ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ለእሷ ተላለፈ፤ ግን ለዓመታት ዘወር ብሎ ያየው ሰው ስላልነበረ፣ እሷና ባሏ መጀመሪያ የሄዱ ቀን መሬቱን ማየት አልቻሉም። ያዩት ጫካ ነው። ከመንገዱ ጀምሮ ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ እሾህና ሐረግ፣ ከሰው ቁመት የበለጠ ሣር፣ ማንም ያልተከላቸው ዛፎች ተጠላልፈው ቆመዋል። ባልየው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየና፣ ሳሎኑ የት ጋ እንደሆነ ጠየቃት። ሳቀች። ቤታችንን እዚህ እንሥራ ብለው የወሰኑት በዚያች ሳቅ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ባልየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ባለው ጠባብ ቤት ውስጥ ይሠራል። እጁ ጥሩ ነው፤ ደንበኛ የሚያመላልስለት ግን አፉ ነው። ለሰው ሁሉ ደስ የሚለውን ነገር ፈልጎ አያጣለትም። የአንዱን ቡድን ደጋፊ ሲላጭ የዚያ ቡድን፣ ቀጥሎ የተቀመጠውን ሲላጭ ደግሞ የተጋጣሚው ደጋፊ ነው። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋ ድርጅት ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ። ንግግሯ ቁጥብ ነው። ተከራይተው በኖሩባቸው ቤቶች ሁሉ አከራዮቹ እሱን ይወዱታል፤ የጓዳ ቁልፍ የሚሰጡት ግን ለእሷ ነው።

በየእረፍት ቀናቸው ገጀራና ዶማቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥረው በጠዋት አውቶቡስ ይሄዳሉ። እሷ ከሥሩ ትቆርጣለች፣ እሱ እየጎተተ ይከምራል። መጀመሪያ ሰሞን መዳፉ ውሃ እየቋጠረ ምላጭ መያዝ አቅቶት ነበር። ከድርጅቱ በተጣለ ቁራጭ ጨርቅ ጓንት ሰፋችለት፤ ደንበኞቹ የተማሪ ጓንት ነው ብለው ሳቁበት። ቀስ በቀስ መሬቱ ተገለጠ። ከሐረጉ ሥር አንድ አሮጌ የሎሚ ዛፍ አገኙ፤ ፍሬው ትንንሽ ቢሆንም ሽታው ደህና ነበር። እሷ እንጨት እየቀረጸች ችካል ተከለች፤ ይሄ መኝታ ቤት፣ ይሄ ወጥ ቤት፣ ይሄ ደግሞ እናቴ ስትመጣ የምታርፍበት እያለች። እሱም በችካሎቹ መካከል በር የሚከፍት እየመሰለ ይገባ ይወጣ ነበር።

በአንድ በኩል የሚያዋስኗቸው ንብ አርቢ ሽማግሌ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ቀፎዎቻቸው ድንበሩ ላይ ካለው የእንጨት አጥር ጥግ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ገና በመጀመሪያው ሰሞን መጥተው ሰላም ብለዋቸው፣ የደነዘ ገጀራቸውን ስለውላቸው፣ አጎትሽን በደንብ አውቀው ነበር ብለው ሚስቲቱን ጉንጯን ስመዋታል። አንድ ነገር ብቻ ለመኗቸው። የቆረጣችሁትን ስታቃጥሉ ንገሩኝ፣ ሣሩ ደረቅ ነው፣ ንቦቹም ጭስ አይወዱም፣ አብረን ቆመን እናቃጥለዋለን አሏቸው። ሁለቱም እሺ አባባ አሉ።

ክምሩ የደረቀ ዕለት ሽማግሌው ቤት አልነበሩም። ከባለቤታቸው ጋር ገበያ ወርደዋል፣ ከሰዓት ይመለሳሉ ተባለ። ሚስቲቱ እስኪመለሱ ውሃ ቀድተን እናዘጋጅ፣ ሲመጡ እንለኩሰዋለን ብላ ጀሪካኖቹን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። እሱ ብቻውን ቀረ። ክምሩን አየው። በሚቀጥለው ሳምንት የእሷ ወንድሞች ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ይሄን ሁሉ ጭራሮ ከመሀል ተገትሮ እንዲያዩት አልፈለገም። ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ አነሳ፤ ነፋስ የለም። እስክትመለስ ጨርሼ ላስደንቃት ብሎ ክብሪት ጫረ።

ለትንሽ ጊዜ እሳቱ በልኩ ነደደ። እሱም እጁን ወደኋላ አጣምሮ እንደ ባለቤት ዙሪያውን ይንጎራደድ ነበር። ከዚያ ከወንዙ በኩል ነፋስ ተነሳ። ነበልባሉ ተኛና ሣሩን ያዘ፤ ሣሩ ከያዘ በኋላ ነገሩ ከሱ እጅ ወጣ። በቅጠል ቢመታው፣ በጫማው ቢረግጠው፣ እሳቱ እየቀደመው አጥሩ ጋ ደረሰ። እሷ ጭሱን አይታ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ዳገቱን ስትወጣ ግማሹ ውሃ ቀሚሷ ላይ ፈሷል። መንደርተኛው ባልዲና ለምለም ቅርንጫፍ ይዞ እየጮኸ መጣ። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ከገበያ የተመለሱት በዚሁ መሀል ነው፤ ሽማግሌው የያዙትን ጥለው ጭሱ ውስጥ ገቡ፤ ቀፎ ሊያወጡ ሲጎትቱ ሰዎች በግድ ይዘው አወጧቸው።

ሲጠፋ አጥሩ የለም። ከቀፎዎቹ ግማሽ ያህሉ ከሰል ሆነዋል። የተቃጠለ ሰም ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል፤ ክንፋቸው የተለበለበ ንቦች መሬት ላይ ይሳባሉ። ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቁሮ፣ እያለከለከ ቆሟል። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ቀና ብለው ባልና ሚስቱን አዩዋቸው።

"ማነው የለኮሰው?" አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

ባልየው ያን ሁሉ ዓይን አየ። ነገ ጎረቤቶቹ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። አፉ ሳያማክረው ተከፈተ።

"እሷ ናት" አለ። "እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ጠብቂ ብያት ነበር።"

ሚስቲቱ ዞር ብላ አየችው። አልተናደደችም፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው የት እንደምታውቀው ለማስታወስ የምትሞክር ነበር የምትመስለው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"ይቅርታ አባባ" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሽማግሌው አልጮኹባትም። ቢጮኹባት ይሻል ነበር። እንደ ልጃቸው አስቀምጠው መከሯት። እሳት እንደማይታመን፣ ሰው ሲናገር መስማት ደግ እንደሆነ፣ ባልሽ እንኳ ጠብቂ ብሎሽ አልነበረም ወይ እያሉ በዝግታ ነገሯት። እሷ አንገቷን ደፍታ እሺ አባባ፣ እሺ አባባ ትላለች። ባለቤታቸው በሻርፓቸው ጫፍ ጥላሸቱን ከፊቷ እየጠረጉላት፣ ልጅነት ነው ተዋት እንጂ ይላሉ። ባልየው አጠገቧ ቆሞ ሽማግሌው አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ እንደለመደው። ራሱን እየነቀነቀ መሆኑን ያወቀው አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ያኔ ፊቱ እስከ ጆሮው ነደደ። እሷ በመስኮት በኩል ውጭ ውጭውን ታያለች።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስትለባብስ እንደምንም ደፍሮ፣ ከአፌ አመለጠኝ አላት። እሷ የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር ቀጠለች።

"ለምን ዝም አልሽ?" አላት።

"ምን ልበል? እሱ ነው ብል ሁለት ሰው አንተ ነህ አንቺ ነሽ ሲባባል ያዩን ነበር። እኔ ግድየለሽ ብባል ይሻላል፣ አንተን ውሸታም ነው ከሚሉህ።" ቦርሳዋን አንጠለጠለች። "አሁን ግን ሳስበው ልክ መሆኔን እንጃ። እኔ እኮ እዚያ አገር ልኖር ነው።"

የዚያን ሳምንት ፀጉር ቤቱ ጭር አለ። ደንበኞቹ አሞሃል እንዴ እያሉ ጠየቁት፤ እንቅልፍ ነው ይላቸዋል። መስታወቱ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ ነው፤ የማንንም ፀጉር ቢያበጥር ከዚያ ሰው ራስ በላይ የራሱን ፊት ማየቱ አይቀርም። ደንበኛ ሲጠፋ ለሽማግሌው የሚናገረውን ይለማመዳል። ነገሩ የሆነው ነፋሱ ስለ... ይልና ይተወዋል። እኔም እንዳሰብኩት ሳይሆን... ይልና ይተወዋል።

የወንድሞቿን ጉብኝት አዘግይተው፣ በእረፍት ቀናቸው እንደወትሮው ሄዱ። አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ረዳቱ ሚስቲቱን አያት።

"እሳቲቱ! ዛሬስ ክብሪት አልያዝሽም አይደል?"

ተሳፋሪው ሳቀ። ነገሩ እስከ መናኸሪያ ወሬ ሆኗል ማለት ነው። እሷ ፈገግ ብላ ባዶ መዳፏን ዘርግታ አሳየችውና ቦታዋን ያዘች። ባልየውም ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ልማዱ ነውና ሳቁ መጣበት፤ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ቆመ። መንገዱን በሙሉ ከፊቱ ያለውን ወንበር ጨርቅ ሲያይ ሄደ፤ የሲጋራ ቀዳዳ ነበረበት።

ሲደርሱ ሽማግሌው፣ ባለቤታቸውና የተወሰኑ ጎረቤቶች አዲሱን አጥር እየተከሉ ነው። ሚስቲቱ ወደራሷ መሬት እንኳ ሳትገባ በቀጥታ ወደ እነሱ ሄዳ ዶማ አነሳች። ነይ እሳቲቱ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ከልባቸው ነበር የሚጫወቱት፤ ክፋት አልነበረውም። እሷም እየቆፈረች ትስቃለች። ባልየው መንገድ ዳር ቆሞ ያን ሳቅ ሰማ። ከቤት የማያውቀው ሳቅ ነበር፤ አጠር ያለ፣ ለሰው ተብሎ የሚሳቅ።

ሄዶ መሀላቸው ቆመ። የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት።

"እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ" አለ።

ሁሉም ቀና አሉ። ከዚያ የሽማግሌው ባለቤት እጃቸውን አጨበጨቡ።

"ተባረክ ልጄ! ባል ማለት እንዲህ ነው" አሉ፤ አንዷ ጎረቤት ደግሞ ባሏን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ ትሰማለህ፣ ተማር አለችው። እውነቴን ነው አለ። የባሰ ወደዱት። የሚስቱን ጥፋት የሚሸከም እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል ተባለ፤ አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ሚስቲቱ ቀና አላለችም። የተከለችው ቋሚ ዙሪያ አፈር እየጠቀጠቀች ነው። ባልየው በዚያች ቅጽበት ልቡ ቀለል አለው። ተናግሬአለሁ፣ ካላመኑኝ እኔ ምን ላድርግ አለ በሆዱ። ወዲያው ደግሞ እንዲህ ማሰቡን ሲያውቅ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ያፈረው በዚች ሐሳቡ ነው።

"አይደለም" አለ፤ ድምፁ ከፍ አለ። "ስሙኝማ። ውሃ ልትቀዳ የወረደችው እሷ ናት። አባባ እስኪመጡ እንጠብቅ ያለችውም እሷ ናት። እኔ ለኮስኩ። ሲጠይቁኝ ፈራሁና በእሷ ላይ አላከክሁ።"

ትከሻውን የመታው ሰው እጁን ከላዩ ላይ አነሳ። ሽማግሌው መዶሻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እውነት ነው?" አሏት።

ሚስቲቱ እጇን ከአፈሩ አራገፈች። ወደ ባሏ አላየችም።

"አዎ አባባ።"

ሽማግሌው ወደ ባልየው ዞሩ።

"እሳትስ ከማንም እጅ ያመልጣል" አሉት። "እሷን ስመክር ግን አጠገቧ ቆመህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር።"

መዶሻቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሂድ ያለው የለም፤ ና አግዘንም ያለው የለም። አካፋ አንስቶ አንድ ጉድጓድ ጋ ሲጠጋ እዚያ ሲቆፍር የነበረው ሰው በዝምታ ትቶለት ወደ ሌላው ሄደ። እስከ ማታ ብቻውን ቆፈረ። ምሳ ሲቀርብ ለእሱም ተሰጠው፤ ማንም ግን ጨምር አላለውም።

ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ፣ ስምሽን ልመልስልሽ ብዬ ነው አላት።

"እሱ እንኳ አይመለስም። እሳቲቱ ብለውኛል፣ አበቃ።" ጥቂት ተራመደች። "ደግ አደረግህ ብዬ አላመሰግንህም። ባትናገር ኖሮ ግን እዚህ ቤት አልሠራም ነበር።"

ሠሩ። ዝናቡ መጥቶ የተቃጠለው መሬት እንደገና ጫካ ሆነ፣ እንደገና መነጠሩት፤ ጭራሮውን ሽማግሌው ቆመው አስቃጠሏቸው። መሠረት ተቆፈረ፣ ግድግዳ ቆመ። ባልየው ከሚስቱ ቀድሞ እየመጣ ለሽማግሌው አዲስ ቀፎ ሲሠራ፣ ጣውላ ሲልግ ይውላል። እሳቸው ሥራውን አልከለከሉትም። ከእሷ ጋር ይጫወታሉ፣ ከእሱ ጋር ግን ያዝ፣ ልቀቅ፣ በቃ ነው። የመንደሩ ሰው በአክብሮት ሰላም ይለዋል። በፀጉር ቤቱ ሰው ሲያስቅ የሚውለው ያ ሰው እዚህ ማንም የማይቀልድበት ጋሼ ሆኖ ቀረ። ተገቢ ነው ብሎ ተቀበለው፤ ቢሆንም አልለመደውም።

ጣሪያው በቆርቆሮ የተመታ ሰሞን አንድ ጠዋት የሰው ፍየል ገብታ ሚስቲቱ የተከለችውን ጎመን ላጭታው አገኙት። ሽማግሌውም አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ። ገና ማንም ሳይጠይቅ ባልየው፣ እኔ ነኝ፣ በሩን ሳልዘጋው ሄጄ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። እሷ ትናንት በሩን የዘጋችው ራሷ እንደነበረች፣ ፍየሏ የገባችው በወንዙ በኩል እንደሆነ ዱካውን አሳየችው። እሱ ግን አይ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም አለ።

"ጎመኑንስ የበላኸው አንተ ነህ?" አለችው።

ሳቀች፤ ከሆዷ። ሽማግሌውም ፊታቸውን ወደ ቀፎዎቹ አዞሩ እንጂ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። እሱ አብሯቸው ልሳቅ አልሳቅ እያለ ቆየና፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ሲጠፋው ጎንበስ ብሎ የተረፉትን የጎመን ግንዶች አፈር ማልበስ ጀመረ።