ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ሐብል

ኩለሱም ከፍራሹ ላይ እንደገና ተነሳች። ገና መቀመጧ ነበር። ጎረቤቷ እማማ መስቱራ የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አደረጉና፣

«የት ነው ደግሞ? አረፍ በይ እንጂ፤ ሰው እየገባ ነው» አሏት።

«ውሃ ልጠጣ ነው።»

«ውሃውማ አጠገብሽ ነው፣ ልጄ።»

እውነትም አጠገቧ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች። ባሏ ኢስሀቅ ከተቀበረ ወዲህ እንዲሁ ናት፤ ስትቀመጥ መነሳት ያምራታል፣ ስትነሳ የምትሄድበት ይጠፋታል። እንባውም እምቢ ብሏታል። ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሴቶቹ ከወርቅ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሳሎን ተጠጋግተው ወተት የበዛበት ሻይ ይጠጣሉ። ከውጭ በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር የሚመላለሱት ማታቱ የሚባሉት ታክሲዎች ጥሩምባ ያንባርቃል።

«አማና የማይበላ፣ የሰው አደራ የሚጠብቅ ሰው ነበር» አለች አንዷ።

«አላህ ይዘንለት። እንዲያ ያለ አንጥረኛ ከየት ይገኛል?»

ኩለሱም ዓይኗን ወደ በሩ ስትመልስ እታገኘሁን አየቻት። ከሁርሊንግሃም ሰፈር የምትመጣ ደንበኛቸው ናት። በዚህ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ለብሳ፣ ሱቁንና ሳሎኑን ከሚለየው መጋረጃ አጠገብ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ነፋስ መጋረጃውን ገለጥ ባደረገው ቁጥር ወደ ጨለማው ሱቅ ታይና ቶሎ አቀርቅራ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሐብሉ! ኩለሱም ትዝ አላት። እታገኘሁ ከእናቷ ቤት ይዛ የወጣችው ብቸኛ ነገር ያ ሐብል ነው። መቆለፊያው ተሰብሮ ስታመጣው ኢስሀቅ፣ «ሳትሄጂ አደርስልሻለሁ» ብሏት ነበር።

ኩለሱም ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። «መቼ ነው የምትበሪው?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ተይው፣ ኩለሱም። እኔ ላለቅስ ነው የመጣሁት።»

«መቼ ነው?»

እታገኘሁ ካፖርቷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «ዛሬ ማታ። አውስትራልያ ተቀብላኛለች። የስደተኛ ድርጅቱ ሰዎች ከዚሁ ወደ ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ይወስዱኛል።»

ኩለሱም መጋረጃውን ገልጣ ወደ ሱቁ ገባች። እማማ መስቱራ ከኋላዋ፣ «አንቺ ልጅ!» ሲሉ ሰማች፤ ዞራ ግን አላየችም።

ሐብሉ ከባለመስተዋቱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ይታያል። ቁልፉ የለም። ኢስሀቅ ዌስትላንድስ ሰፈር መንገድ ላይ ድንገት ወድቆ ሲሞት ኮቱ ክንዱ ላይ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ሲያነሳው ኮቱ የት እንደገባ ማንም አላየም፤ ቁልፉም ከኮቱ ጋር ጠፋ።

የኢስሀቅ ታናሽ ወንድም አብዱልፈታ በግቢው በር ገባ። «እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«የእታገኘሁን አማና ላወጣ ነው።»

«አሁን? የባሏ አፈር ሳይደርቅ ወርቅ መነካካት ጀመረች አይሉሽም?»

«ይበሉ።»

«ሰኞ ቁልፍ የሚሠራ ፉንዲ ጠርቼ አስከፍተዋለሁ።»

«ሰኞ የለችም።»

አብዱልፈታ አመነታ። ከዚያ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ መዶሻ አነሳ። «እንግዲያው መስተዋቱን ልስበረው።»

«አትስበረው!» ድምጿ እሷኑ አስደነገጣት። ከመጋረጃው ወዲያ ወሬው ቀጥ አለ። «ሬሳ በወጣበት ቤት መስተዋት አይሰበርም። ተወኝ፣ አብዱልፈታ።»

ከጠረጴዛው ላይ ቀጭን ሽቦ አነሳች። ጫፉን በወረንጦ ቆልመም አድርጋ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ከተተች። ምላሱን አገኘችው፤ ገፋችው፤ አልነቃነቅ አለ። በሩን ወደ ራሷ እየጎተተች ደግማ ገፋችው። ሽቦው ተጣጠፈ። ሌላ አነሳች።

በቀይ ሽብሩ ዓመት መርካቶ እያሉ አንዲት ጎረቤት ወርቋን ኢስሀቅ ዘንድ አስቀምጣ ነበር። የቀበሌ ታጣቂዎች ለአሰሳ መጥተው የሱቁን ወርቅ ከእሷው ጋር ጠርገው ወሰዱት። ሴትየዋ ስትመጣ ኢስሀቅ የሆነውን ነገራት። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። እጆቹን ብቻ አየችና ሄደች። በሞያሌ በኩል ሲሰደዱ ኢስሀቅ መንገዱን ሁሉ ያወራው ስለ ራባቸው ወይም ስለ ወታደሮቹ አልነበረም። «አላመነችኝም፣ ኩልዬ» ይላል፤ ጥቂት ይሄድና መልሶ፣ «አላመነችኝም።» ናይሮቢ ገብቶ ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ ያሠራው ይህንን ቁም ሳጥን ነው። ሰው ንብረቱን ከውጭ እያየ ይሂድ ብሎ።

ሁለተኛው ሽቦም ተጣመመ። አብዱልፈታ መዶሻውን እንደያዘ ቆሟል።

አንዴ ኢስሀቅ ራሱ ቁልፉ ጠፍቶበት በሽቦ ሲከፍተው አይታለች። «ይቺ ቁልፍ ለሌባ አይደለም የተሠራችው፤ ለሕፃን ናት» ብሎ ስቆ ነበር። ምን ነበር ያደረገው? በሩን አልጎተተም። በጉልበቱ ወደ ውስጥ ደገፍ አድርጎ ነበር፤ ምላሱ ከእንጨቱ እንዲላቀቅ።

ጉልበቷን በሩ ላይ አሳረፈችና ገፋ አደረገችው። ሽቦውን አዞረች። ቀጭ አለ። በሩ ተከፈተ።

ሐብሉ በጥጥ ላይ ተኝቷል። ስታነሳው ግን ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ተንጠለጠሉ። መቆለፊያ የለውም። ኢስሀቅ ሥራውን አልጀመረውም ነበር።

ሳሎን ተመለሰች። እታገኘሁ ተነስታ ቆመች።

«አላደረሰውም» አለች ኩለሱም፤ ሐብሉን በመዳፏ ዘርግታ። «ቃሉን አልጠበቀም አትበይው።»

«ኧረ ምን ሆነሽ ነው! እኔ እሱን እንዲህ እላለሁ?» እታገኘሁ እጇን በሐብሉ ላይ ጫነች። «መገኘቱ ይበቃኛል። እዚያ አሠራዋለሁ።»

«በቦርሳ ይጠፋብሻል። ዙሪ።»

እታገኘሁ ጀርባዋን ሰጥታ ካፖርቷን ዝቅ አደረገች። ኩለሱም ከሻሿ ጠርዝ ጥቁር ክር መዘዘች፤ የሐብሉን ሁለት ጫፎች በእታገኘሁ ማጅራት ላይ አገናኝታ አሰረች፤ ደግማም ቋጠረችው። የተረፈውን ክር በጥርሷ ልትቆርጥ አጎነበሰች። ክሩ ተበጠሰ። እሷ ግን ቀና አላለችም፤ ግንባሯን በሴትየዋ ትከሻ ላይ እንዳስደገፈች ቀረች።