ሁለት ዴክ፣ አንድ ሪሞት

የሚያጽናናኝ ሰው ሁሉ «የዕቃ ነገር ነው ሙርሺድ፣ ዕቃ ይበላሻል» ይለኛል። ዕቃው አልተበላሸም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥንና ዴክ ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል። ዛሬ ዴክ የሚያሠራ ሰው ስለሌለ፣ ጋሽ አብርሃም የቪዲዮ ካሴት በፌስታል ጠቅልለው ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር ድረስ ሲመጡልኝ ደስ አለኝ። ካሴቱ የተገኘው አሰንዳቦ ካለችው የቀድሞ ቤተ ክርስቲያናቸው ዕቃ ቤት ነው። ልጃቸው ልያ ከመዘምራኑ መሃል ወጥታ ብቻዋን የዘመረችው መዝሙር አለበት፤ ግጥሙም ዜማውም የራሷ። ያን ዘምራ በሁለተኛው ወር ወባ ገደላት። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም።

«እናቷ አልጋ ይዛለች» አሉኝ። «ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዷት ብለውናል። አንድ ጊዜ ትስማት ልጄ፣ ሌላ አልፈልግም።»

«ካሴቱ አርጅቷል ጋሼ፣ ዳግመኛ ላይጫወት ይችላል። እያያችሁ በሌላ ካሴት ልቅዳው።»

«ተው፣ አንዴ ይበቃናል።»

እምቢ አልኩ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ዴክ በባጃጅ ጭኜ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ቴሌቪዥናቸው የገመድ መሰኪያው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የልያ ካሴት ያለበትን ዴክ ከሚቀዳው ዴክ፣ የሚቀዳውን ከቴሌቪዥኑ አገናኘሁ። የልያን እናት እማማ ታቢታን ሳሎን አውጥተው በትራስ ደግፈዋቸዋል። ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ሰው ክፍሉን ሞልቶታል።

ለሙከራ ስከፍተው ምስሉ መጣ። ነጭ የለበሰች ቀጭን ልጅ ማይክ ይዛ ወደ ፊት ወጣች፤ አፏን ከፈተች። እማማ ታቢታ ከትራሱ ቀና አሉ።

«ቆይ እማማ፣ ከመጀመሪያው እየቀዳን እንየው» ብዬ አቆምኩት። ያኔ እጄን በቆረጠው!

ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሼ፣ ቢስሚላህ ብዬ በሪሞቱ መቅጃውን ተጫንኩ። አንድ ዓይነት ዴኮች አንድ ሪሞት እንደሚሰሙ ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ። የልያም ዴክ ሰማ። እሱም መቅዳት ጀመረ፤ ባዶ ነገር፣ በልጅቷ ላይ።

ጀርባው ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ የተሰበረችበት ካሴት እንዲህ አትጠፋም፤ ዴኩ አልቀዳም ይላል። የዚህም ተሰብራ ነበር። ግን ያኔ ካሴት ብርቅ ስለነበር፣ በቤተ ክርስቲያን የሚቀጥለውን ስብከት ሊቀዱበት ቀዳዳውን በፕላስተር ይደፍኑት ነበር። ፕላስተሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሳልልጠው አለፍኩ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

«ረቢ ኮ፣ አምላኬ! ምን ሆነ?» አለች ጎረቤታቸው ሶረቲ።

ገመዱ መስሎኝ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብቼ መነካካት ጀመርኩ። ጋሽ አብርሃም «ይህ የጠላት ሥራ ነው፣ እንጸልይ ወገኖቼ» ሲሉ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በየራሱ ድምፅ ይጮህ ጀመር። እኔ ሙስሊም ነኝ። ሰው አምላኩን ሲለምን ገመድ መጎርጎር ነውር መሰለኝና ከጀርባ ወጥቼ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ጸሎቱ ረዘመ። ጋሽ አብርሃም እያለቀሱ «የወንድማችንን የሙርሺድን እጅ ባርክ» ሲሉ ዓይኔ ዴኮቹ ላይ አረፈ። የሁለቱም የመቅጃ ቀይ መብራት በርቷል።

ወላሂ ያኔውኑ ገብቶኛል። ግን ሶኬቱን አልነቀልኩም። እጄን እያስባረኩ ያሉትን ሽማግሌ ማቋረጥ አፈርኩ። «አሜን» እስኪሉ ጠበቅኩ። በዚያ መሃል ስንት ስንኝ እንደሄደ አላህ ይወቀው።

ካሴቱን መልሼ ሳጫውተው ረጅም ጨለማ መጣ። ከዚያ ጭብጨባ ተሰማ፤ ልያ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«መዝሙሩስ?» አሉ እማማ ታቢታ።

«እኔ አጠፋሁት እማማ» አልኩና እግራቸው ሥር ተደፋሁ። ጋሽ አብርሃም በክንዴ ይዘው አነሱኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ታቢታ ስክሪኑን እያዩ መዝሙሩን ራሳቸው ጀመሩት። ድምፃቸው ትንፋሽ ብቻ ነበር። አንድ ስንኝ አሉ፤ ሁለተኛውን ጀምረው ቆሙ።

«ከዚህ ቀጥላ ምን ነበር የምትለው?» ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

ጋሽ አብርሃም ራሳቸውን ነቀነቁ። አያውቁትም። ሶረቲም አታውቀውም፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡትም።

«እስቲ አስታውሱኝ» አሉ እማማ ታቢታ፣ አንድ በአንድ እያዩን።