የብርቅታይት ተአምር

ብርቅታይት የሆቴል ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ ናርዲ በሩን ገፍታ ገባች።

"ገንዘቤ ሆስፒታል አልሄድም ብላኛለች። ባንቺ ምክንያት።"

ብርቅታይት የአንድ እግር ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። የእህቷ ልጅ ሰላምታ አላስቀደመችም። ገንዘቤ ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር፣ በአፓርታማው ውስጥ የብርቅታይት ጎረቤት፣ መሀል ከተማ ባለው ካዚኖ ሆቴል አብራት ክፍል የምታጸዳ ባልንጀራዋ ናት። በጡት ምርመራ አጠራጣሪ ነገር ታይቶባት በድጋሚ እንድትታይ ተጠርታለች።

"እኔ ምን አደረግኋት?"

"ከካንሰር በስለት ዳንኩ ብለሽ ቤተ ክርስቲያን መሰከርሽ። እሷም ስለት ተሳለች። በቃ።"

"ድኛለሁ እኮ።"

ናርዲ ተቀመጠች። ሥራዋ የሆስፒታሉን የጡት ካንሰር ምርመራ ፕሮግራም ትክክለኛነት መለካት ነው፤ ማን በሽታው ተገኘባት፣ ማን አመለጠች፣ ማን በከንቱ ደነገጠች። አምና አክስቷ ብርቅታይትም ተጠርታ ነበር። በድጋሚ ስትታይ ምንም አልተገኘባትም። እዚሁ ባዕድ አገር ተወልዳ ያደገችው ናርዲ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ለማስረዳት ታገለች፤ ከሚጠሩት ሴቶች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው፣ ጥቂቶቹ ግን የእውነት ታመዋል፣ የትኛዋ እንደሆነች ሳትመረመር አይታወቅም።

"ካንሰር አልነበረብሽም እያልሽኝ ነው?"

"አልነበረብሽም፣ አክስትዬ።"

"ታዲያ ያኔ ማን ነገረኝ? ሲጠሩኝ በስልክ አጣድፈው ጠሩኝ። ልጄን ለማን እንደምሰጥ ሳስብ ከረምኩ። ሲያበቃ አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ላኩልኝ፤ 'ኖርማል' የምትለዋን ብቻ አነበብኩ። ከሞት የተመለሰ ሰው ምን ይላል? ዳንኩ ይላል። እናንተስ እኔን ምን ብላችሁ ቆጠራችሁኝ?"

በፕሮግራሙ ቋንቋ የናርዲ አክስት "የሐሰት ማንቂያ" ናት፤ ሳትታመም በስህተት የተጠራች። የዚህ ዓይነቶቹ ሴቶች መቶኛ ቀነስ ሲል ስብሰባው ላይ ይጨበጨባል። ሴትን በፍርሃት አንቆ ይዞ፣ ሲለቃት ለምን እንደያዛት የማይነግራት ተቋም ስለ ትክክለኛነቱ ሲያወራ ሊያፍር ይገባው ነበር። አያፍርም።

"ኮምፒውተርሽ ስለቴንም ይቆጥራል?" አለች ብርቅታይት፣ ለማሾፍ።

"አይቆጥርም። ገንዘቤንም አይቆጥራትም። ለድጋሚው ምርመራ ካልመጣች ከሂሳቡ ትወጣለች። ብትሞትም የእኛ ቁጥር አይበላሽም።"

ናርዲ ከአፏ ያመለጠውን ነገር ራሷም አሁን ገና የሰማችው ይመስል አንገቷን ደፋች።

"ተአምሬን አልክድም" አለች ብርቅታይት። "ግን ስለቱን የተሳልኩት እዚያው ሆስፒታል ወንበር ላይ፣ ተራዬን ስጠብቅ ነው። ስመሰክር ይቺን ዘልያታለሁ።"

በእጇ የያዘችውን ጫማ መልሳ አጠለቀች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች የገንዘቤን በር ልታንኳኳ ወጣች።