በፊሊጶስ ስም የተከራየችው መኪና

ጣይቱ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ባሏ ፊሊጶስ እጁ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሚሠራበት የሰሊጥ መጋዘን በሰው ሁሉ ፊት ይዘውት ሲሄዱ አንድ ባልደረባው ደውሎላት፣ ቶቧን እንኳ በወጉ ሳትከናነብ ነው እየሮጠች የመጣችው።

ክሱን የነገራት ዛቢጡ፣ የፖሊስ መኮንኑ፣ ነው። ፊሊጶስ በስደተኛ መታወቂያው መኪና ተከራይቷል፤ መኪናዋ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር፣ ወደ ጋላባት ስትሄድ ታይታ በዚያው ጠፍታለች። ጣይቱ የምትሰማውን ማመን አቃታት። ፊሊጶስ እኮ መንዳት አይችልም። እሱም መታወቂያዬን ሾዋክ አውቶቡስ ተራ ሰርቀውኛል፣ ሌባው በስሜ ተከራይቶበት ይሆናል ብሏል። ታዲያ ያኔውኑ ለምን አላመለከትክም ሲባል ግን አንገቱን ደፋ።

ባለመኪናው ሙዕተሲም ጥግ ላይ ቆሟል። ጦርነቱ ሲነሳ ልጆቹን ከካርቱም ያወጣው በዚያች መኪና ነው፤ ከዚያ ወዲህም የቤቱ እንጀራ እሷው ናት። ተከራዩን እሱ በዓይኑ አላየውም። ያስረከበው የወንድሙ ልጅ ነበር፣ እሱም ፖርት ሱዳን ሄዷል። በእጁ የቀረው የመታወቂያው ፎቶና ተከራዩ ቀን እንዲጨመርለት የላከው የድምፅ መልእክት ብቻ ነው።

ጣይቱ ይህን ስትሰማ ተስፋዋ ለመለመ። የባሏን የተሰባበረ ዐረብኛ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።

«ድምፁን አሰሙን፤ እሱ አለመሆኑን አሁኑኑ ታውቃላችሁ» አለች።

«ተይው ጣይቱ፣ ወደ ቤት ሂጂ» አለ ፊሊጶስ በአማርኛ። ለምን እንደሚከለክላት አልገባትም። ሙዕተሲም ስልኩን ከፈተ።

ድምፁ የወጣት ነው፤ ዐረብኛው እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ዐረብኛ። መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀጥሎ ሳቅ አለና «ወላሂ አምሜ»፣ በእግዜር አጎቴ፣ ብሎ ልመናውን ጀመረ። ጣይቱ ወደ ስልኩ ቀረብ አለች። እናታቸው ስትሞት ገና የሚድህ ሕፃን የነበረውን፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችውን የወንድሟን የባንተአምላክን ድምፅ እንዴት ትስተዋለች?

ዛቢጡ ፊቷን አየ። «ኡክቲ፣ እህቴ፣ ታውቂዋለሽ?»

ፊሊጶስ ዓይኖቹን ጨፈነ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። መታወቂያው አልተሰረቀም። የሰጠው ፊሊጶስ ራሱ ነው።

«ወንድሜ ነው» አለች። ድምፅዋ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት።

ፊሊጶስ ከዚያ በኋላ ምንም አልደበቀም። ባንተአምላክ የራሱ መታወቂያ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ሀዋታ እርሻዎች ላይ በአዝመራው ወቅት ሠራተኛ አመላልሳለሁ ብሎ ለመነው፣ እሱም አመነው። መኪናዋ መጥፋቷን የሰማው ፖሊሶቹ ሲይዙት ነው።

ጣይቱ እዚያው ቆማ ወንድሟ ዘንድ ደወለች። አነሳው።

«እታለም» አለ።

«ፊሊጶስ ታስሯል። መኪናዋን ይዘህ ና።»

ከጀርባው የገበያ ጫጫታ ይሰማል። መተማ እንደሆነ፣ መኪናዋን ድንበር ላሻግራት ብሎ ስላልሆነለት ዶካ አካባቢ ጥሏት በእግሩ እንደተሻገረ፣ ወደ ሱዳን ግን እንደማይመለስ ነገራት። ይቅር በይኝ አላላትም። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ደግማ ብትደውል አልሠራም።

መኪናዋ ባንተአምላክ ባለው ቦታ ተገኘች። ጎማዎቿን ወስደውባታል፤ ሙዕተሲም ግን የሞተር ክዳኗን እየዳበሰ አለቀሰ። ፊሊጶስን ፍርድ ቤት ከስርቆቱ ነጻ አወጣው፤ መታወቂያውን ለሌላ ሰው በመስጠቱና ተሰረቀብኝ ብሎ በመዋሸቱ ግን ተፈረደበትና ታስሮ ወጣ።

ቤት የገባ ዕለት ጣይቱ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አቀረበችለት።

«እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት» አላት።

«ብትነግረኝ እኔው ራሴ እሱ ዘንድ ሄጄ መኪናዋን አስመልሰው ነበር» አለች፤ «ዛቢጥ ፊት ቆሜ ወንድሜን አሳልፌ ከምሰጥ።»

ፊሊጶስ እግሩን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ቀረ። እሷም ፎጣውን ወንበሩ ላይ ትታለት ወደ ውጭ ወጣች።