የታየች ጥምጥም

በዚያ ክረምት አሶሳ ዙሪያ ባሉት የሠፈራ አምባዎች ጨው ጠፋ። የኅብረት ሱቁ በር ተከፍቶ ይውላል፤ ውስጡ ግን ከባዶ ጆንያና ከሚያዛጋው ሻጭ በቀር ምንም የለም። ከወሎ የመጡት ሠፋሪዎች ክፉ ቀን እንዴት እንደሚጀምር ያውቁታልና ልባቸው ራደ። "ዛሬ ጨው፣ ነገ ማሽላ" ይባባሉ ጀመር።

የአምባው ካድሬ ሀብቱ መልስ አላጣም። ለኪነት ቡድኑ ተውኔት ጻፈ። ስሙን "አሻጥረኛው ነጋዴ" አለው፤ ጥምጥም የጠመጠመ፣ አማርኛ የሚሰባብር ነጋዴ ጨው አልጋው ሥር ደብቆ ሕዝብ ሲያስለቅስ ያሳያል።

ነጋዴውን እንድትጫወት የተመረጠችው ታየች ናት። ታየች የአምባሰል ልጅ፣ ረዘም ያለች፣ ድምጿ ጎርነን ያለ ሴት ነበረች። የሰው አረማመድና አነጋገር ስትቀዳ አምባው በሳቅ ይፈርሳል። መድረክ ላይ ወጥታ "ጨው የለም! ወላሂ የለም!" እያለች ጆንያውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ስትገፋ፣ ለሳምንታት ጥርሱን ያላሳየው ሕዝብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማንን እንደምትቀዳ ሁሉም አውቋል። ሐሙስ ሐሙስ አህዮቹን እየነዳ ወደ ገበያቸው የሚመጣው፣ የአገሬው የበርታ ሕዝብ ተወላጅ ነጋዴ ዐወድ ነው። ታየችን የዚያን ቀን ሳቁ አሰከራት።

ስካሩ እስከ ሐሙስ ብቻ ቆየ። ዐወድ እንደ ልማዱ ሳሙናና ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ ሴቶች ከበቡት። "የደበቅከውን አውጣ!" ብለው ጭነቱን ዘረገፉት። አንዷ ጥምጥሙን ከራሱ ላይ ገፍፋ "ወላሂ የለም!" አለች፤ ልክ በታየች ድምፅ። ታየች ዘንቢሏን ይዛ እዚያው ቆማ ነበር። በመጣችበት ዓመት ወባ ጥሏት ሳለ አህያው ላይ ጭኖ አሶሳ ሐኪም ቤት ያደረሳት ይህ ሰው ነው።

ዐወድ ከጭቃው ላይ ሽንኩርቱን እየለቀመ ቀና ሲል አያት።

"ታየች፣ አንተ እኔን ታውቃለህ" አላት፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛው። "ጨው የለም። ጨው ከሱዳን ነው የሚመጣ፤ ድንበሩ ላይ ኩርሙክ ጦርነት ነው፣ መንገድ ዝግ ነው። የእኔ ልጆችም አልጫ ነው የሚበላ።"

ታየች ዓይኗን ወደ ዘንቢሏ መለሰች። ዐወድ ጥምጥሙን አራግፎ፣ አህዮቹን አዙሮ ሄደ። በቀጣዩ ሐሙስም አልመጣም። አሁን ጨው ብቻ ሳይሆን ሳሙናም ሽንኩርትም ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ የአምባዎቹ ኪነት ቡድኖች አሶሳ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሊወዳደሩ፣ የራዲዮ ሰዎችም መጥተው ሊቀዱ ነው ተባለ። ታየች በመንገድ ላይ ለከበሮ መቺዋ ለሰንበቴ ሹክ አለቻት።

"እኔ ያንን ሰው ሁለተኛ ሌባ አድርጌ አልጫወተውም።"

"ኧረ ተይ እቴ! ከኪነት ካስወጡሽ የሚጠብቅሽ መኮትኮቻ ነው።"

"መኮትኮቻ ማንን ገደለ?"

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ገበሬዎቹ አልጋውን ፈትሸው ጨው የሚያገኙበት ቦታ ሲደርስ፣ ታየች ቀደመቻቸውና ጆንያውን ራሷ ጎትታ አወጣችው። ሀብቱ በጨው ፋንታ ያስጠቀጠቀውን አሸዋ ከመድረክ ጀርባ አስቀድማ ደፍታዋለች። ገልብጣ ስታራግፈው አቧራ ብቻ በነነ። ከዚያ የሰውዬውን ስብርባሪ አማርኛ ተወችና በራሷ የአምባሰል አንደበት እንዲህ አለች፦

"ጨው ደበቅህ አላችሁ ጥምጥሜን አይታችሁ፤
ጥምጥሜን ብፈታው ይጣፍጣል ወጣችሁ?"

ባዶውን ጆንያ እንደያዘች አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ሀብቱ "መጋረጃ! መጋረጃ!" እያለ ይጮኻል፤ መጋረጃ ጎታቹ ግን እሱም እያጨበጨበ ነበር።

"ድርሰቴን አበላሸሽው" አላት ሀብቱ፣ ከመድረክ ስትወርድ።

"ጨው ጨመርኩበት እንጂ።"

በማግስቱ ከኪነት ተባረረች። ማሽላ ልትኮተኩት ወረደች። ፀሐይ ጀርባዋን ሲልጣት እንኳ አልቆጫትም፤ አምባሰልን ለቃ ከወጣች ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ራሷን አክብራ አታውቅም። ውድድሩ በራዲዮ ሲተላለፍ አምባው በሙሉ ድምፅ ማጉያው ሥር ተሰበሰበ። ግጥሟ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ጭብጨባው ግን አልተቆረጠም። ጋዜጠኛው "ሕዝቡ በአሻጥረኞች ላይ ያለውን ቁጣ ገለጸ" አለ። ሴቶቹ ተያዩ። ጥምጥሙን የገፈፈችው ሴት ነጠላዋን ሳበችና ፊቷን ሸፈነች።

በዚያው ሳምንት ታየች ይህችኑ ሴትና ሁለት ሽማግሌዎች ይዛ ዐወድ መንደር ሄደች። ይቅርታ ጠየቁ። ዐወድ እስኪጨርሱ ሰማቸውና አሹቅ አቀረበላቸው፤ "ኸላስ" አለ፣ "ያለፈ አለፈ።"

ጥቅምት ላይ መንገዱ ተከፈተ። ዐወድ የመጀመሪያውን ጨው ጭኖ ሲመጣ ገበያው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ታየች ከማሳ መጥታ፣ እጇ በአፈር እንደ ጠቆረ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች።

"አንተ ነጋዴ! ና ወደዚህ!" ሲል ጠራት ዐወድ። "ስፈር! ሰው በዝቷል።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ ታየችም ሳቀች። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ፣ መስፈሪያ ጣሳውን ተቀበለችውና ለአምባዋ ጨው ትሰፍር ጀመር።