የሚሸከም ጀርባ

ሽማግሌው ግንበኛ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን ሌላው የሚወጣበትን ደረጃ ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ አሁን አንዷን ደረጃ እንኳ መውረድ አቃታቸው። ሚስታቸው ካረፈች በኋላ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። እሑድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ይቀመጡና ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ሰው ከላይ ሆነው ያያሉ።

የልጃቸው ባል ዕቃ ጫኝ ነው፤ ፍሪጅና ቁም ሳጥን ተሸክሞ ፎቅ ለፎቅ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። «አባባ፣ እኔ ላውርድዎት» ብሎ ስንቴ ለምኗቸዋል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። ሲጀመርም ለልጃቸው የተመኙት የቢሮ ሰው ነበር። በዚህ ሰው ጀርባ ላይ እንደ ዕቃ ታዝለው ጎረቤት ሲያያቸው በዓይነ ሕሊናቸው ይመጣና ፊታቸው ይቀላል።

«እግዜር እስክትሸብቱ ድረስ እሸከማችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል» ይላሉ። «ጉልበቴን ይመልስልኛል፤ በገዛ እግሬ እወርዳለሁ።»

አንድ ቅዳሜ፣ አብሯቸው ሲገነባ የኖረ ጓደኛቸው በጠና ታሞ ሊያያቸው እንደሚፈልግ ተነገራቸው። ጠዋቱን ሙሉ ሲቁነጠነጡ አረፈዱ።

«ለምን አይሄዱም?» አለች ልጃቸው ልብስ እየተኮሰች።

«በምን እግሬ?»

ካውያውን አቁማ ዞረች። «አባዬ፣ ቃሉ እኮ እሸከማችኋለሁ ነው የሚለው። ጉልበት እመልሳለሁ አይልም። የሚሸከሙት መሄድ ያቃተውን ነው። ታዲያ በማን ጀርባ እንዲሸከምዎት ነው የሚጠብቁት?»

ተቆጡ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ምሳም አልበሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ቃሉን እንደ ያዙ ነበር የሚመስላቸው፤ ለካ የያዙት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ኩራታቸው አስጥሏቸዋል።

አመሻሽ ላይ አማቻቸው ከሥራ ሲገባ፣ ዓይኑን ሳያዩ «ነገ አውርደኝ» አሉት። እሱም ጫማቸውን ፈልጎ ጠረገላቸው።

በማግስቱ ጀርባው ላይ ሲወጡ ሰውነታቸውን እንደ ብረት ገተሩ።

«አባባ፣ አንገቴን ይልቀቁና ትከሻዬን ይያዙ። አለዚያ ሁለታችንም እንወርዳለን፣ ያውም ቶሎ።»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹ ሲያጥር ሰሙ። «ከበድኩህ?»

«ሲገተሩ ይከብዳሉ። ሰውነትዎን ልቅ ያድርጉት። ለነገሩ ከፍሪጅ ይቀላሉ፤ ፍሪጅ ግን አይጨቀጭቀኝም።»

ሳያስቡት ሳቁ፤ ሲስቁም ሰውነታቸው ላላ። ምድር ሲደርሱ አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ «እሰይ፣ እንኳን ወጡልን» አለቻቸውና የውጭውን በር ይዛ አሳለፈቻቸው። ያን ያህል የፈሩት ይኸው ነበር።

በታክሲ ጓደኛቸው ቤት ሲደርሱ፣ ጓደኛቸው ቀና ማለት አቅቶት ተኝቷል። «እንዴት መጣህ?» አላቸው በደከመ ድምፅ።

«ታዝዬ» አሉ ሽማግሌው። የውሃውን ብርጭቆ አነሱ፤ በማንኪያ ሊያጠጡት ሲሉ ጓደኛቸው አፍሮ ፊቱን ሊያዞር ሞከረ።

«ተው» አሉት። «እኔንም ትናንት እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ቀን አባከንኩበት።»

አፉን ከፈተ። እየጠጣ፣ እያረፈ ብርጭቆውን ጨረሰው።

ጉልበታቸው እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። እሑድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመሩ፤ ደረጃው ላይ «ቀስ፣ ግራህን» እያሉ አማቻቸውን ማዘዝም አልቀረላቸው። ጸሎታቸው ብቻ ተለውጧል። ስለ ጉልበታቸው መለመን ትተው ስለ አማቻቸው ወገብ ይለምናሉ።