ያለምወርቅ ጠግባለች

የሰፈሩ ሴቶች «ልጅ እንዲህ ነው የሚታነጽ!» እያሉ ያለምወርቄን ለልጆቻቸው ያሳዩ ነበር። እጇን ሳትታጠብ ገበታ አትቀርብም፤ አባቷ ደርበው ሳይጀምር አትዘረጋም፤ ከፊቷ እንጂ ከሰው ፊት አትቆርስም። የሰው ቤት ስንሄድማ ሞቼ እገኛለሁ ነው! «ብዪ» ሲሏት «ጠግቤያለሁ»፤ ቢለምኗት፣ «በሞቴ» ቢሏት፣ «ጠግቤያለሁ»። ከዚያ ቀና ብላ ታየኛለች። በዓይኔ ጠቀስ ሳደርጋት ብቻ ነው እጇን የምትሰድ። እኔው ነኝ ያስተማርኳት፤ ሆዳም አሳደገች እንዳልባል።

እንግዲህ ይህችን ልጅ ነው ደርበው የወተት ጥርሷ ተነቅሎ ሳያልቅ ዘንገና ሐይቅ ማዶ የዳራት። «አማቷ ጋ ታድጋለች፤ ወጉ ነው» አለ። ጮህኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ ማን ሊሰማኝ! በፈረስ አፈናጠው ወሰዷት።

ብዙም ሳይቆይ ከዚያ የመጣ ሁሉ ያመሰግናት ጀመር። «ምን ያለች ጨዋ ናት! እህል ሲሰጧት ጠግቤያለሁ ነው የምትል፤ ነካ አድርጋ ትነሳለች።» ደርበው ደረቱን ነፋ። የኔ ግን አንጀቴ ተቆረጠ። እዚያ ቤት በዓይኑ የሚጠቅሳት የለማ!

«ሄጄ ልያት» ስለው፣ «እናት ሳይጠሯት አማት ቤት ትሄዳለች? አብደሻል እንዴ?» አለኝ። ደግሞስ ሄጄ ምን ልበል? ልጄን እቤታችሁ ይርባታል ልበል? ስድብ ነው፤ ቂሙም የሚያርፈው እሷው ላይ ነው።

ኋላ ቆሰበር ገበያ አገኘኋቸው። አማቷ እመት ስሜነሽ ቅቤ ይሸጣሉ፤ እሷ ከጎናቸው ቆማለች። ቀሚሷ ሰፍቷት፣ አንገቷ ቀጥኖ። ወይኔ ልጄን! ድንገት ባገኛት ብዬ የምትወደውን አነባበሮ በኮባ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ፈታሁላት። ምራቋን ስትውጥ አየኋት።

«ብዪ እናቴ።»

«ጠግቤያለሁ።»

ላጉርሳት ብል ከንፈሯን ገጠመች። ጠቀስኳት። ደግሜ ጠቀስኳት። አየችኝና ዞር ብላ እመት ስሜነሽን ቀና ብላ አየች። ቤቷ የእሳቸው ሆኗላ፤ ጥቅሻውንም ከእሳቸው ነው የምትጠብቀው። ሴትዮዋ ግን ከገዢ ጋር ይከራከራሉ።

«እመት፣ እባክዎ፣ በዓይንዎ ጠቀስ ያድርጓት» አልኳቸው።

«ምነው ወርቅአየሁ፣ ምን ልሁን ብዬ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። «እኔ ቤት ይርባታል ልትይኝ ነው?»

ያለምወርቅ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ሁለታችንንም ታያለች። ምን ይዋጠኝ! ማታ አብራቸው የምትገባው እሷ ናት።

«ኧረ ምን ሲደረግ እመት!» አልኩ። «ጠግባለች።»

አነባበሮውን እያየችው መልሼ ጠቀለልኩት።